የሐሙስ ምሰሶ

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንዲት ጠላት ነበረችኝ። ስሟ ሃሊሞ ነው፤ ፊት ለፊት ግን ኤዶ፣ አክስቴ፣ እላታለሁ። ከአጥራችን ማዶ ትኖራለች፤ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በራችንን ሁለት ጊዜ አንኳኩታ ትገባለች። የምትመጣው የአጎቴን መርከብ ለማፍረስ ነው።

በእጇ ነክታት አታውቅም። የምታፈርሳት በዓይኗ ነው። ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ሥር፣ መርከቧ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ አጠገብ ትቆማለች፤ በአንገቷ ያንጠለጠለችውን መነጽር ዓይኗ ላይ ታደርጋለች፤ መርከቧን ሦስት ጊዜ ትዞራለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ትናገራለች። ያቺ አንድ ነገር የአጎቴን የሳምንት ሥራ ትበላለች።

አጎቴ አብዲራሺድ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። እኛ አዴራ ነው የምንለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በምድር ባቡር ወርክሾፕ የፉርጎ ወንበርና በር ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የመሣሪያ ሳጥኑንና አንድ የእንጨት መያዣ ሞርሳ ይዞ ግቢያችን ጥግ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ገባ። ሚስቱ እኔ ሳልወለድ ሞታለች። ልጅ የለውም። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለነበር ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ግቢው የእናቴ የመሪያም፣ የአዴራ፣ የእኔ፣ እንዲሁም በኪራይ አንዷን ክፍል የያዘችው የእትዬ ማዘንጊያ ነበር። እትዬ ማዘንጊያ የተከራየችው አንድ ክፍል ቢሆንም ወሬው ግን የመላው ግቢ ነው።

መርከቧ ሰባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ራሴ ለክቻታለሁ። ሳምቡክ ነች፤ በድሮ ጊዜ ከዘይላ ወደ ኤደን ፍየልና ቅቤ ጭነው በሸራ ይሄዱ ከነበሩት የእንጨት መርከቦች የአንዷ ትንሽ አምሳያ። አዴራ ባሕር ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ጅቡቲ ጣቢያ የተሰበረ በር ሊጠግን በሄደበት፣ ፉርጎው ላይ ቆሞ፣ ከሩቅ። «ሰማያዊ ነው» ብሎኛል። ከዚህ የበለጠ አልነገረኝም፤ የሚያውቀውም ከዚህ አይበልጥም።

ድሬዳዋ ላይ መርከብ መሥራት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጎኗ የሚለበጠው በቀጫጭን ጣውላ ነው። ጣውላው ሌሊቱን ሳፋ ውስጥ ተነክሮ ያድራል፤ ጠዋት በሚፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ተይዞ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በዝግታ እየታጠፈ ከመርከቧ የጎድን አጥንቶች ጋር ይጣበቃል። ሌላ አገር እስኪደርቅ አንድ ቀን ይጠበቅ ይሆናል። እኛ ዘንድ ከሁለት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ከወጣች ጣውላው ሳይታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ኮላውም ብሩሹ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ስለዚህ አዴራ ከሱብሂ ሶላት መልስ ጀምሮ ይሠራል፤ እኔ ማንቆርቆሪያውን እይዛለሁ። የታጠፈው ጣውላ ተመልሶ እንዳይቃና የእናቴን የልብስ መቆንጠጫዎች እንሰካበታለን። አርባ መቆንጠጫ ነበራት። ሠላሳ ስምንቱ መርከቧ ላይ ናቸው።

«አብዲራሺድ፣» ትለዋለች እናቴ፣ በርሮ ጎረቤት አጥር ላይ ያረፈ ቀሚሷን ይዛ እየመጣች፣ «እኔ በሁለት መቆንጠጫ ነው የስድስት ሰው ልብስ የማሰጣው?»

«ሦስት ነን እኮ፣ መሪያም።»

«የአንተ የሐሙስ ልብስ ብቻውን የሦስት ሰው ነው።»

ይህን ስትል እትዬ ማዘንጊያ ከክፍሏ ውስጥ ትስቃለች። እኔ የሚያስቀው አይታየኝም ነበር። እውነት ነዋ፤ አዴራ ሐሙስ ብዙ ልብስ ይቀያይራል።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። አዴራ ቃል ገብቶልኛል። «ስታልቅ፣» ብሎኛል፣ «ክረምት ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውሃ ሲወርድበት ዳር ላይ እናንሳፍፋታለን። ገመዱን የምትይዢው አንቺ ነሽ።» ይህን ለዛኪር ነገርኩት። ዛኪር የክፍሌ ልጅ ነው፤ አንድ ነገር ከሰማ መላው የመጋላ ሰፈር ይሰማል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ በሰው ፊት እንዲህ አለኝ፦ «የአጎትሽ መርከብ የምታልቀው ደቻቱ ላይ ሐይቅ ሲሠራ ነው።» ነሐሴ እየመጣ ነበር። መርከቧ ግን በሃሊሞ ምክንያት አታልቅም።

እኔ ዝም ብዬ የምናደድ ልጅ አልነበርኩም። ገና በመጋቢት የሒሳብ ደብተሬን ገልብጬ በጀርባው በኩል መዝገብ ጀምሬ ነበር። አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ የተገኘው ጥፋት፣ የተስተካከለበት ቀን፣ ምርመራ። አሁን አዳማ ውስጥ አንድ የምግብ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ የምሞላው ቅጽ አምስት ዓምድ አለው። ከዚያ በቀር ብዙም አልተለወጥኩም።

አንዱን ሐሙስ ልንገራችሁ፤ ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው።

አዴራ በሌላው ቀን ከምሳ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጫቱን ይቅማል። ሐሙስ አይቅምም። ከዙህር በኋላ ፀጉር ቤት ሄዶ ጢሙን ያስተካክላል፤ ተመልሶ ገላውን ይታጠባል፤ ጥርሱን በሚስዋክ ይፍቃል፤ ነጭ ሸሚዝና የተተኮሰ ሽርጥ ያደርጋል፤ ከአንገቱ ሥር ሽቶ ይነካል። ይህን ሁሉ መዝግቤዋለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። እኛም የፈተና ቀን እናቶቻችን ያጥቡናል።

ከዚያ በሩ ሁለት ጊዜ ይንኳኳል።

«ሰላም ነው፣ መሪያም። ሰላም ነው፣ አብዲራሺድ።»

«ሰላም፣ ሃሊሞ። ሙቀቱ እንዴት ነው?»

«ሙቀቱ ደህና ነው። እኛ ነን እንጂ።»

ሦስት ጊዜ ትዞራለች። አዴራ እጁን ከኋላው አጣምሮ ይቆማል። እናቴ እንኳ ሩዝ መልቀሟን ታቆማለች።

«የአባቴ ሳምቡክ ምሰሶ፣» አለች ሃሊሞ፣ «ሰላም እንደሚል ሰው ወደፊት ዘንበል ያለ ነበር። ይሄ ግን ፖሊስ ነው የሚመስለው።»

አዴራ ጎንበስ ብሎ አየ። «እውነትሽን ነው። እንዴት አላየሁትም?»

«ሥራ የበዛበት ሰው አያይም።»

«ለሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለዋለሁ።»

«ሀየ። እኔም ለሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ።»

ሻይ ትጠጣለች። ስለ አባቷ ትንሽ ታወራለች፤ ነፋሱን በጆሮው ያውቅ እንደነበር፣ መርከቡ ድመት አጥቶ እንደማያውቅ። ከዚያ ትሄዳለች፤ አዴራም በሩ ድረስ ይሸኛታል። በራችን ከጠረጴዛው አሥራ አንድ እርምጃ ነው። መንገዱ አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

እናቴ ኋላ የነገረችኝን እዚህ ላስገባ። ሃሊሞ ከባሏ ሞት በኋላ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ጎርፉ ከተማውን በመታ ዓመት ውሃው ቤቷ ገብቶ ብዙ ነገር ወሰደባት፤ ከወሰደው ሁሉ ያስለቀሳት ግን አንድ ፎቶግራፍ ነው። አባቷ ሳምቡኩ አፍንጫ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ የተነሳው። ሌላ ፎቶ የለም። ያን ጊዜ አዴራ አጥር ላይ ተደግፎ፣ «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» አላት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። መርከቧ የእኔና የአዴራ ናት፤ ሃሊሞ ደግሞ ከየት እንደመጣች የማይታወቅ ተቆጣጣሪ ናት፤ የማውቀው ይህን ነበር።

አሁን ወደ ምሰሶው ልመለስ። ምሰሶው የሚዘነብለው ግርጌው ላይ በምትገባ አንዲት ትንሽ ሽብልቅ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የእንጨት ቁራጭ። ሽብልቋ ከገባች ምሰሶው ሰላም ይላል፤ ከወጣች ፖሊስ ይሆናል። አዴራ እሑድ ጠዋት ሽብልቋን አስገባ። በዓይኔ አየሁ፣ መዘገብኩም። ሐሙስ ሃሊሞ ስትመጣ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«የአባቴ ምሰሶ፣» አለች ሃሊሞ።

«እንዴት አላየሁትም?» አለ አዴራ።

ይህ ስድስት ጊዜ ሆነ። በመካከሉ ሌላም ጥፋት ይመጣል። መሪው ተገልብጦ ይገኛል፤ የሸራው ገመድ በግራ መታሰር ሲገባው በቀኝ ይታሰራል፤ ኋላዋ ላይ የሚቀመጠው የውሃ በርሜል ይጠፋል። ምሰሶው ግን ስድስት ጊዜ። እሑድ ይዘነብላል፤ ረቡዕ ይቆማል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሃሊሞን ድመት ነው። ግራጫ ናት፣ በአጥር ትሻገራለች፣ ባለቤቷም ጠላት ናት። ማክሰኞ ማታ በጠረጴዛው ዙሪያ ዱቄት ነሰነስኩ። ረቡዕ ጠዋት ዱቄቱ ላይ የድመት ኮቴ የለም። ያለው የሰው ጫማ ነው፤ ለካሁት፤ ወንዶች ከሚያደርጉት አርባ ሦስት ቁጥር ጋር እኩል መጣ። መዝገቤ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አዴራ ድመቷን ሊያባርር መጥቶ ነበር። አልደረሰም።»

ዛሬ አንድ ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት ማጠቃለያ ጽፎ ቢያመጣልኝ ወረቀቱን እመልስለታለሁ።

ሌላም ማስረጃ ነበር፤ በእጄ ገብቶ ያልገባኝ። እናቴ ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ ከአዴራ ነጭ ሸሚዝ ኪስ ትንሽ ሽብልቅ ታወጣለች። አውጥታ ለእትዬ ማዘንጊያ ታሳያታለች።

«ዛሬም?» ትላለች እትዬ ማዘንጊያ።

«ዛሬም።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው? ሌላው አበባ ይይዛል።»

«የእኛው እንጨት ነው የሚይዘው።»

«ይሄ መርከብ ካለቀ እኔ ከዚህ ግቢ እወጣለሁ፣ መሪያም። በምን ልዝናና?»

ይስቃሉ። እናቴ ሽብልቋን መስኮቱ ላይ ባለች የቆርቆሮ ኩባያ ውስጥ ትጥላለች፤ አዴራም እሑድ አዲስ ይቀርጻል። እኔ ኩባያውን ቆጥሬዋለሁ። አምስት ሽብልቅ አለ። ስለ ሽብልቆቹ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ «አዴራ የሚረሳ ሰው ነው።»

ከዚያ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ እትዬ ማዘንጊያ ከገበያ የሰማችውን ይዛ ገባች። ዘንቢሏን እንኳ አላስቀመጠችም።

«የሃሊሞ ወንድም ጅቡቲ ያለው፣ ዐብዲፈታሕ፣ ሊወስዳት ነው። ከረመዳን በፊት። ሱቋን ለሰው ለቃለች አሉ።»

እናቴ የያዘችውን ማማሰያ ድስቱ ውስጥ ተወችው። «ለምን?»

«ብቻዋን ምን ትሠራለች ብሎ ነው። እህቱ ናት፣ አይፈረድበትም። ማን ቆይ አላት?»

ሁለቱም ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ዞሩ። አዴራ በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቷል። ተመልሶ ገባ፤ ወዲያው የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ መጣ። አንድ ጣውላ ሲያለሰልስ ከሰዓቱን ሙሉ ዋለ። ማታ ሳየው ጣውላው ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። «አንድ ጣውላ ባከነ» ብዬ መዘገብኩ።

እኔ ግን በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ጠላት ልትሄድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ከመሄዷ በፊት «ማሻአላህ» ማለት አለባት። ይህን ቃል ለእናቴ ሩዝ ትላለች፣ ለእኔ ፀጉር ትላለች፣ ለእትዬ ማዘንጊያ መጋረጃ እንኳ ብላለች። ለመርከቧ ብላ አታውቅም። ካለች ሥራው አልቋል፣ መርከቧም ደቻቱ ትወርዳለች።

የመጨረሻው ሐሙስ መጣ። አዴራ ፀጉር ቤት ሄደ። ከተማው ከምሳ በኋላ እንደሚሆነው ሆኗል፤ ባጃጅ እንኳ አይሰማም፤ እናቴ ከቬንትሌተሩ ፊት ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። እኔ መዝገቤን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ተገልብጦ የነበረውን መሪ አቃናሁት። የሸራውን ገመድ ፈትቼ በግራ አሰርኩ። የውሃውን በርሜል ከአዴራ የመሣሪያ ሳጥን ሥር፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ፣ አገኘሁት፤ ሰው ዕቃውን እንዲህ አድርጎ እንዴት ይጥላል እያልኩ ኋላዋ ላይ ተከልኩት። ከኩባያው ጥሩዋን ሽብልቅ መርጬ ምሰሶው ሥር አስገባሁ። ሰላም አለ። ከዚያ፣ ድመትም ሰውም ንፋስም እንዳይነቀንቃት፣ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ኮላ በሙሉ ገለበጥኩባት። ሙቀቱ ያን ቀን ከእኔ ጋር ወገነ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ሆነች።

አዴራ ሲመለስ ወደ ጠረጴዛው አላየም። ታጠበ፣ ለበሰ፣ ሽቶውን ነካ። የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆለፈ።

በሩ ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ አይደለም፤ አራት ጊዜ፣ በቡጢ። ከሃሊሞ ጋር ሰፊ ሆድና ደስ የሚል ፊት ያለው ሰው ገባ፤ የአይሱዙ ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ።

«ዐብዲፈታሕ ነኝ» አለ። «ይቺን አሥር ወር የማታልቅ መርከብ ልያት ብዬ ነው የመጣሁት። እህቴ በስልክ ከእሷ ሌላ ወሬ የላትም።»

«ግባ፣ ወንድሜ» አለ አዴራ።

ሃሊሞ መነጽሯን አደረገች። አንድ ጊዜ ዞረች። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ። ቆመች፤ ከዚያ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ አራተኛ ዞረች፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው። አዴራ የምሰሶውን ነገር ሊሰማ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። ሲዘገይበት ራሱ ዞር ብሎ ምሰሶውን አየ።

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ወሰደ። ዳበሰ። የእሱ ሽብልቅ እዚያው አለች። እንደገና ምሰሶውን አየ። ቀረብ አለና ማንም እንዳያየው ግርጌው ላይ ያለችውን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረገ። መርከቧ ከነሸራዋ ከጠረጴዛው ላይ ተነሳች። መልሶ አስቀመጣት።

«ማሻአላህ» አለች ሃሊሞ።

ስትናገር መነጽሯን እያወለቀች ነበር። «አለቀች። የአባቴ ናት። ምንም አልቀራትም።»

እኔ እርሳሴን አንስቼ «አለፈች» ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ቀና ስል ማንም አልተደሰተም። እናቴ ታች ታች ታያለች። አዴራ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።

«ሀየ፣ ካለቀች ጥሩ ነው» አለ ዐብዲፈታሕ። «ቅዳሜ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከዕቃው ጋር እንጭናታለን።»

«የት?» አልኩ።

«ጅቡቲ ነዋ። የእሷ አይደለች እንዴ?»

አዴራን አየሁት። እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«የእሷ ናት» አለ አዴራ። «ከመጀመሪያውም ለእሷ ነው የተሠራችው።»

ደቻቱ፣ ገመዱ፣ የዛኪር አፍ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። ተነሳሁ።

«አላለቀችም» አልኩ። «እኔ ነኝ ዛሬ ያስተካከልኳት። እስከ ረቡዕ ተመልሳ ትበላሻለች። ማስረጃ አለኝ።»

«ሰምሰም፣» አለች እናቴ፣ «ደብተሩን ስጪኝ።»

«ተያት ታንብብ» አለ ዐብዲፈታሕ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አነበብኩ። የትምህርት ቤት ድምፄን አወጣሁ። «ምሰሶ። ጥፋቱ የተነገረው ስድስት ጊዜ። አዴራ ያስተካከለው ስድስት ጊዜ፣ ሁሌ እሑድ። ተመልሶ የቆመው ስድስት ጊዜ፣ ሁሌ ረቡዕ። የተጠረጠረች ድመት። በዱቄት ምርመራ የድመት ኮቴ አልተገኘም፤ የተገኘው የወንድ ጫማ፣ አርባ ሦስት ቁጥር።»

ዐብዲፈታሕ የአዴራን እግር አየ። «ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው?»

«አርባ ሦስት» አለ አዴራ፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ።

«ቀጥይ።»

«በኪስ የተገኘ ሽብልቅ፣ አምስት። ሐሙስ ቀን፤ ጫት የለም። ሚስዋክ አለ። ነጭ ሸሚዝ። ሽቶ፤ መጀመሪያ አንዴ፣ ከሚያዝያ ወዲህ ሁለቴ። ኤዶ ሃሊሞን በር ድረስ መሸኘት፤ አሥራ አንድ እርምጃ፣ አሥር ደቂቃ።»

እትዬ ማዘንጊያ ክፍሏ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ይሰማል። ዐብዲፈታሕ ደብተሩን ተቀበለኝ፤ ጣቱን እየነዳ ራሱ አነበበው። ሲጨርስ ወደ እህቱ ዞረ።

«አንቺስ? ስድስት ጊዜ ያንኑ ምሰሶ?»

«ስድስት ጊዜ ቆሞ ነበር» አለች ሃሊሞ። «ያየሁትን አልናገር?»

«ዋላሂ፣ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ።» ወደ አዴራ ዞረ። «አቦ፣ አንተ ሰውዬ፣ አሥር ወር ምሰሶ ስትተክልና ስትነቅል ከምትኖር፣ አንድ ቀን ሽማግሌ ብትልክብኝ ምን ነበረበት?»

«መርከቧን ስጨርስ ልልክ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትጨርሳትም?»

አዴራ ከኪሱ ሽብልቋን አውጥቶ በጣቶቹ መካከል ያገላብጣት ጀመር። «ከጨረስኩ በኋላ እምቢ ብትልስ?» አለ። «ያኔ ሐሙስም ይቀርብኛል።»

«ማን እምቢ አለህ?» አለች ሃሊሞ፣ መርከቧን እያየች። «የጠየቀኝ ሰው አለ?»

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች በአሥራ አንዱ እርምጃ ተሻገሩ። እትዬ ማዘንጊያ ሦስተኛ ካልሆንኩ ብላ አስቸግራ ነበር። አይሱዙው ቅዳሜ ሎሚና ማንጎ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ተመለሰ፤ ኒካሁም ረመዳን ሳይገባ ተደረገ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው። መርከቧ እንዳትሄድብን ሲሉ ተቆጣጣሪዋን በቋሚነት ቀጥረዋታል። ብዙ ዋጋ መሰለኝ።

ነሐሴ ላይ ደቻቱ ወረደ፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ እየጮኸ። ድልድዩ ላይ ከዛኪር አጠገብ ባዶ እጄን ቆምኩ። ለአዴራ ቃሉን ባስታውሰው፣ «ያላለቀች መርከብ ውሃ አትገባም» አለኝ። ማሻአላህ ተብላለች ብዬ ተከራከርኩ። ኮላዬን በመሮ ፈልፍሎ ለማውጣት ሁለት ቀን እንደፈጀበት ያን ጊዜ አልነገረኝም።

ነገሩ የገባኝ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው። የሒሳብ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ አግኝቼ በጀርባው በኩል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። ስጨርስ ፊቴ ጋለ። አንድም ቀን ተሳስቼ አልጻፍኩም፤ ልኬቱም ልክ ነው። የተሳሳትኩት የመጨረሻው ዓምድ፣ ምርመራው፣ ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ለእረፍት ድሬ ሄጄ ነበር። አዴራ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መሮ አይይዝም። አጥሩ መካከል ላይ ፈርሶ በር ሆኗል። መርከቧ ቡፌው ላይ ተቀምጣለች፤ ሸራዋ ቢጫ ሆኗል፤ በርሜሏ ኋላዋ ላይ ነው፤ መሪዋ ልክ ነው፤ ገመዷ በግራ ነው። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሥራዬ ነውና አላስችል አለኝ። ቡፌው ላይ፣ ከቆርቆሮዋ ኩባያ ውስጥ፣ አንድ ሽብልቅ አንስቼ ወደ ምሰሶው ግርጌ ዘረጋሁ።

ኤዶ ሃሊሞ ከተቀመጠችበት እጄን መታ አደረገችኝ። መነጽሯ አንገቷ ላይ ነበር።

«ተይው፣ ሰምሰም» አለችኝ። «ነገ ሐሙስ ነው።»